የጋሼ አጋዘኖች እና የእኔ በርሜል

ሰው ከወንድሙ ቤት ተቀይሞ ሲወጣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሚስት ናት፣ ወይ ውርስ ነው፣ ወይ መጠጥ ነው። እኔ የወጣሁት በአጋዘን ነው። ለሰው ስናገር ይስቃል፤ አንዳንዴ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አሁን ከነበርሜሉ ልጻፈው፤ ምናልባት ከጻፍኩት በኋላ ንዴቱ ይወጣልኝ ይሆናል። አይመስለኝም።

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አሜሪካ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የማውቀው በፎቶና በስልክ ድምፁ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ሳኒቬል የሚሠራ ኢንጂነር ሆኖ፣ ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ኮረብታው ሥር ትልቅ ቤት ገዝቶ ጠበቀኝ። ከኤርፖርት ወስዶ በቀጥታ ጋራዡን አሳየኝ። ግማሹን በጂፕሰም ከልሎ አልጋና ትንሽ ፍሪጅ አስገብቶበታል። «ለጊዜው ነው፣ አገሩን እስክትለምድ» አለኝ። እኔማ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አገሩን እየለመድኩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖርኩበት።

አዲስ አበባ የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ቱቦ ስዘረጋ የኖርኩ፣ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ስሰቅል ጀርባዬ የጎበጠ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለፈቃዱ ኮርስ ያስፈልጋል፣ ለኮርሱ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሚልፒታስ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ከጥፍሬ የምታንስ ነገር በአጉሊ መነጽር አይቼ «ደህና ናት» ወይ «ደህና አይደለችም» እላለሁ። ሥራው ንጹሕ ነው፣ አላማርርም። እጄ ግን ሥራ ፈታ። ማታ ማታ አውራ ጣቴ የሚያሳክከኝ መፍቻ ስለናፈቀው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እፈልግ ነበር፣ እሱንም ሳላፍር ልናገረው። ጋሼ ሰው ፊት አቁሞ «ወንድሜ ነው» እንዲለኝ እፈልግ ነበር። ልጆቹ ርቀው ስለሚማሩ ቤት ያለነው እሱ፣ ሚስቱና እኔ ብቻ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ይመጣሉ። እኔ ሥጋ እጠብሳለሁ፣ በረዶ አመጣለሁ፣ ወንበር አነሳለሁ። እንግዶቹ «ታንክ ዩ» ይሉኛል፤ ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝም የነገራቸውም የለም። ጊዜ አጥቶ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። ሰው ሲዋሽ ከሁሉ ቀድሞ የሚያምነው ራሱ ነው መሰለኝ።

አጋዘኖቹ ከኮረብታው የሚወርዱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። ሦስት ሴቶችና አንድ ቀንዱ ገና ብቅ ያለ ወንድ። አጥሩን እንደ ደፍ ተራምደው ይገቡና የወንድሜን ሚስት ጽጌረዳ ከነእሾሁ ይበሉታል። «ጨረሱብኝ እኮ! ምናለ አንድ ነገር ብታደርጉ!» እያለች ትጮኻለች፣ መጥረጊያ ይዛ ትወጣለች። አጋዘኖቹ ቀና ብለው ያዩዋትና መብላታቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ እሑድ ጋሼ ስልኩን ይዞ ወደ ጋራዡ መጣ። እኔ ዘንድ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ቪዲዮ አሳየኝ፤ አንድ ሰው ከፕላስቲክ በርሜል የአጋዘን መመገቢያ ይሠራል። በርሜሉ እግር ላይ ይቆማል፣ ታችኛው ጎኑ ይበሳል፣ ቱቦ ይገባበታል። አጋዘኑ ከቱቦው አፍ በበላ ቁጥር ከላይ ያለው በቆሎ በራሱ ክብደት እየወረደ ይተካል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ሞተር የለው።

«እዚያ ታች አጥሩ ጋ ካስቀመጥነው ሮዙን ይተዉታል» አለኝ። «ደግሞ ሰው ሲመጣ ቪው ይሆናል። እኛ ዴኩ ላይ ባርቤኪው፣ ዲሮቹ ታች ሲበሉ፣ ኢማጂን አድርገው! ትችለዋለህ?»

«ምን ነካህ ጋሼ? በርሜልና ቱቦ እኮ ነው» አልኩት። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ የምችለውን ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

በርሜሉን ያገኘሁት ኦክላንድ፣ ቴሜስካል የሚባለው ሰፈር፣ ወር በገባ ቁጥር ሄጄ ከምበላበት ምግብ ቤት ነው። ባለቤቷ ከአሥመራ የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል፣ ቁጣቸውም እንደዚያው። የሊጥ ማቡኪያ የነበረ ሰማያዊ በርሜል ኩሽናው ጀርባ ተቀምጦ አይቼ ነበር።

«እማማ፣ ያንን በርሜል ይፈልጉታል?»

«ለምንህ ነው? እዚህ አገር ውሃ አይጠፋ።»

«ለአጋዘን መመገቢያ ልሠራበት ነው።»

የያዙትን ትሪ አስቀመጡ። «ዋይ! ሰው ድንኳን ውስጥ በሚያድርበት ከተማ አንተ ለአጋዘን ጎተራ ልትሠራ? የማን ሐሳብ ነው?»

«የወንድሜ።»

«ወንድም አለህ እንዴ?» አሉኝ ከልባቸው ተገርመው። «ይኸው ስንት ጊዜ ብቻህን ስትበላ አይሃለሁ፣ እኔ ዘመድ የለውም ብዬ ሥጋ እጨምርልህ የለ?»

ሳቅኩና «ሥራ ስለሚበዛበት ነው» አልኳቸው። በርሜሉን ወደ ጓደኛዬ ፒክአፕ እስክጭን በሩ ላይ ቆመው አዩኝና ገቡ።

በርሜሉን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት፣ የሊጡ ጉምዝዝ ያለ ሽታ ግን አልለቀቀም። ሥራውን የጀመርኩት እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ስህተቴም ከዚያው መጣ። ሁለት ኢንች ቱቦ ገዛሁ፣ ግርጌው ላይ ሦስት ቀዳዳ በሳሁ፣ ዘጠና ዲግሪ የሚታጠፍ ኤልቦ አስገብቼ አፉን ወደ ላይ መለስኩት፣ መገጣጠሚያውን በሲሊኮን አሸግኩት። ጠብታ የማያሳልፍ ሥራ! ውሃ ቢሆን ኖሮ ሚኒስትር ቤት የሚገጠም ነበር። አንድ ጆንያ በቆሎ ገለበጥኩበት። ምንም አልወረደም። በርሜሉን በጥፊ ስመታው ሁለት እፍኝ ዱብ ይልና ይቆማል። በቆሎ ውሃ አይደለም፤ አንዱ ፍሬ አንዱን ይደገፍና ቱቦው አፍ ላይ ድልድይ ሠርቶ ይቀመጣል። ይህንን ከቤታችን ጎተራ ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝ፤ ግን ሃያ ዓመት ውሃ ብቻ ነው የሰማሁት።

ጋሼ ዴክ ከሚለው የእንጨት ሰገነት ላይ ሆኖ እያየኝ ሳቀ። «ኤክስፐርታችን! ፓይፕ ስታይ ሌላው ሁሉ አይታይህም አይደል?»

አፈረስኩና እንደገና ጀመርኩ። አራት ኢንች ቱቦ፣ በአርባ አምስት ዲግሪ የተጋደመ። በርሜሉ ውስጥ መሃል ወለሉ ላይ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጬ አጣበቅሁ፤ በቆሎው መሃል ላይ እንዳይተኛ፣ ወደ ሦስቱም ቀዳዳ እንዲንሸራተት። የቱቦዎቹን ሆድ ከሥር በቀጭን መሰርሰሪያ ወጋ ወጋ አደረግኩ፣ ዝናብ ከገባ እንዲወጣ። ክዳኑ ላይ ከአውቶሞቢል ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ማሰሪያ ሠራሁለት። ሦስት የእንጨት እግር ቆፍሬ ተከልኩ፣ የቱቦዎቹን አፍ በአጋዘን ደረት ልክ አደረግኩት። ሁለት ጆንያ ከመኖ መሸጫ ገዝቼ ሞላሁትና አንድ እፍኝ ከቱቦው አፍ ዘገንኩ። ከላይ ሽር ብሎ ወርዶ ተተካ። እንደገና ዘገንኩ፣ እንደገና ተተካ። ብቻዬን ቆሜ ሃያ ጊዜ ያህል ዘግኜ ይሆናል። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አጋዘኖቹ አራት ቀን አልቀረቡትም። በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ለሥራ ስወጣ ጆሮዋ የተቀደደ አንዲት ሴት አንገቷን አስግጋ ቆማለች። አሸተተች፣ ወደ ኋላ ዘለለች፣ ተመለሰች፣ በላች። የሚልፒታሱ አውቶቡስ አመለጠኝ፣ ግን ቆሜ አየኋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንግዶች መጡ። ልክ ሥጋው እንደደረሰ አጋዘኖቹ ተሰልፈው ወረዱ። እንግዶቹ ስልካቸውን አወጡ፣ ሹክሹክታ ሆነ፣ አንዷ ሴት እንባዋ ሁሉ መጣ። «ማን ነው የሠራው?» ብሎ አንዱ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ። «ቀላል የዊክኤንድ ፕሮጀክት ነው።»

እኔ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብዬ ሥጋ እያገላበጥኩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን አልከፋኝም። እኛ ቤት ታናሽ የሠራው የታላቅ ነው፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ የሰፈራችንን የቦኖ ውሃ ጠግኜ ሴቶቹ እልል ያሉት ለጋሼ ነው፤ መፍቻውን ከአሜሪካ የላከው እሱ ነው ተብሎ። አባቴም ምስጋናውን ተቀብሎ በስልክ ነገረው። ስለዚህ ጋሼ «እኔ ነኝ» ሲል በልቤ «ይሁን፣ ያው ነን» አልኩ። አንድ ነን ማለቴ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ከቁጥጥር ውጭ ሆነ። አራቱ ሰባት ሆኑ፣ ሰባቱ አሥራ አራት። ዜናው ኮረብታውን አዳረሰ መሰለኝ። ጽጌረዳውንም አልተዉትም፤ በቆሎውን ይበሉና በጽጌረዳ ያወራርዱታል። ከዚያ አጥር ዘለው ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ጎረቤታችን ብቻዋን የምትኖር ጡረተኛ ሴት ናት፤ ቲማቲሟንና ሰላጣዋን አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አጸዱላት። እኔን ስታየኝ ከሩቅ እጇን ታነሳልኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንሳት ተወች። ለጋሼ «በርሜሉን ብናነሳው ይሻላል» አልኩት። «ለሳተርደይ ሰው ጠርቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ እናየዋለን» አለኝ። ስንት ሳተርደይ አለፈ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አጥሩ ጋ ወርጄ በቆሎ እሞላለሁ። ቀና ስል ዴኩ ላይ ካኪ ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ ከጋሼ ጋር ቆሞ ያወራል። ጎረቤቲቱ ከአጥሯ ማዶ እጇን አጣምራ ቆማለች። ግማሹን ጆንያ እንደ ታቀፍኩ ወደ እነሱ ወጣሁ። የዱር እንስሳት መኮንን ነው። ቀድሞ የተናገረውን አልሰማሁም፤ ስደርስ አጋዘን መመገብ በዚህ ስቴት ክልክል መሆኑን፣ ከአንድ ቱቦ ሲበሉ በሽታ እንደሚጋቡ፣ አጋዘን የተሰበሰበበት ደግሞ የተራራ አንበሳ እንደሚከተል እያስረዳ ነበር። ትሑት ሰው ነው፣ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ይህን የሠራው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሼ ወደኔ ጠቆመ። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ በአማርኛ እንዲህ ማለት ነው፦ «እሱ ነው። ጋራዡን የተከራየኝ ሰውዬ ነው። እንዳያደርግ ነግሬው ነበር።»

ጆንያው ከእቅፌ ተንሸራትቶ በቆሎው እግሬ ሥር ፈሰሰ። መኮንኑ ወደኔ ዞሮ፣ ቃላቱን ለደንቆሮ እንደሚናገር እያራዘመ፣ እውነት መሆኑን ጠየቀኝ። አፌን ከፍቼ ወንድሜ ነው፣ ያዘዘኝ እሱ ነው ማለት እችል ነበር፤ ለዚህ የሚበቃ እንግሊዝኛ አላጣም። ግን በባዕድ ሰው ፊት ጋሼን ውሸታም ማድረግ የሚባል ነገር እኔ ውስጥ የለም። እናቴ ያንን ከጡቷ ጋር አጥብታኛለች። «የስ ሰር» አልኩ። አንድ ወረቀት ጻፈ፣ ፈረምኩ። ጎረቤቲቱ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቤቷ ገባች።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «አይዞህ፣ ምንም የለውም። ቤቱ በስሜ ስለሆነ እኔ ላይ ሲሆን ይከብዳል፣ ላንተ ቀላል ነው። ዛሬውኑ አንሳው በቃ።» አመንኩት። ጭራሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ለወንድሜ ብዬ ዱላ ተቀበልኩ። በመጋዝ ቱቦዎቹን ቆረጥኩ፣ እግሮቹን ነቀልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጋዘኖቹ መጥተው በርሜሉ የነበረበትን ቦታ ከበው ቆሙ። መጥረጊያ ይዤ ያባረርኳቸው እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ለማንበብ ፈራሁ። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ሦስት ሳምንት ይዤው ዞርኩ። ፍርድ ቤት ይጠሩኛል፣ ግሪን ካርዴ ላይ ይጻፋል፣ በአጋዘን ተከስሶ ተባረረ እባላለሁ ብዬ ምግብ አልበላ አለኝ። በመጨረሻ ፋብሪካው ምሳ ክፍል ውስጥ ዘረጋሁትና ስልኬ ላይ እያስተረጎምኩ አነበብኩት። ማስጠንቀቂያ ነው። መቀጮ የለው፣ ፍርድ ቤት የለው፣ ክስ የለው። መመገቢያው ከተነሳ ነገሩ አለቀ ይላል።

መጀመሪያ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሳንድዊቼን ሁለት ጊዜ ገመጥኩ። ከዚያ ነው ነገሩ የበራልኝ። መኮንኑ እኔ ከመድረሴ በፊት ከጋሼ ጋር ቆሞ ሲያወራ ነበር። ጋሼ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያስተረጉምለት ስልክ አያስፈልገውም። ቀሪውን ሰዓት በአጉሊ መነጽሩ ያየሁትን አላውቅም፤ ስንቱን ብልሽት «ደህና ናት» ብዬ አሳልፌ ይሆናል።

ቤት ስደርስ ጋሼ የተረፈውን ጽጌረዳ ውሃ ያጠጣል።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን አነበብኩት። ዎርኒንግ ብቻ ነው።»

«ነግሬህ የለ፣ ምንም የለውም ብዬ።»

«ቀድመህ ታውቅ ነበር?»

«ገና ሰላም ሳይለኝ ነው የነገረኝ። ሰውዬው ናይስ ነው።»

«ታዲያ ለምን ተከራይ ነው አልከው?»

ቧንቧውን ወደ ሌላው ተክል አዞረና ወደ ጎረቤት አጥር ሰረቅ አድርጎ አየ። «ኔበሯ ቆማ ነበር እኮ።»

«ብትቆምስ?»

«እሷ ከመጣህ ጀምሮ ቴናንት እንደሆንክ ነው የምታውቀው። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው፣ ጓደኞቼም። እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ምን ልበላቸው? ወንድሜ ነው፣ ጋራዥ ነው የማስተኛው ልበላቸው? ሰው ምን ይለኛል?»

የተናደደው እሱ ነበር፤ ሰው እንዳይታዘበው ስንት እንደተጨነቀ የማይገባኝ ደንቆሮ መስዬው ነበር። ከራሱ በላይ ያለውን ፎቅ አየሁ። ሦስት መስኮት፣ ሦስት መኝታ ቤት፣ ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ መጋረጃው ያልተገለጠ። ለታላቄ በሕይወቴ አንድ ቀን ቃል መልሼለት አላውቅም። ያን ቀን ግን መለስኩ።

«ላይ ሦስት ክፍል ባዶ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ሞኝ ነገር እንደጠየቅኩት ሁሉ ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«እሱማ ለእንግዳ ነው» አለኝ።